ለዛፍ ላይ ሥራ ገመድና መታጠቂያ ስለ መምረጥ፦ በጅማ ላለ አነስተኛ ቡድን የትኛው አሠራር ይሻላል?

የቡና ጥላ (ጅማ) ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ማሳዎች ዛፍ የመግረዝ፣ እንዲሁም ለቤትና ለመንገድ አስጊ የሆኑ ዛፎችን ከላይ ወደ ታች እየቆራረጡ የማውረድ ሥራ የምንሠራ አነስተኛ ቡድን አለን። እስካሁን የተገለገልንበት መሣሪያ መሰላል፣ ግንዱን ዞሮ ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶና ከሕንፃ መሣሪያ መደብር በሜትር እየተለካ የሚሸጥ ናይለን ገመድ ነው። አሁን የሚሰጡን ሥራዎች ግን በዚህ የሚደፈሩ አልሆኑም። በድሮ ግቢዎች ውስጥ ያሉት ዋርካዎች፣ በመንገድ ዳር ቀጥ ብለው የወጡት ግራቪሊያዎችና ባሕር ዛፎች፣ በቡናው መካከል እንደ ጃንጥላ የተዘረጉት ሰሳዎች መሰላላችን ከሚደርስበት እጅግ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ከሥር ያለውን ቡና ሳይሰብሩ ቅርንጫፍ ለማውረድ ደግሞ ሠራተኛው ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ መጠጋት አለበት።

ስለዚህ ለሙያው የተሠራ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅመናል። ዕቃውን ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ይዞልን ይመጣል፤ ያልሆነ ነገር ከገዛን የምንመልስበት መንገድ ስለሌለን አስቀድሜ የሚያውቁትን መጠየቅ መረጥሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ገመዱ ዓይነትና ውፍረት ነው። ሁለተኛውና ዋናው ስለ አወጣጡ ነው፤ ገመዱ በቅርንጫፍ ላይ ዞሮ ከሠራተኛው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስበትና ገመዱ አንድ ቦታ ታስሮ ሠራተኛው ብቻ የሚወጣበት ሁለት አሠራር እንዳለ አንብቤአለሁ፤ ለእኛ የትኛው ይስማማል? በተጨማሪም ከሕንፃ ሥራ የተረፈ፣ ከትከሻ እስከ ጭን የሚታሰር መታጠቂያና የራስ ቆብ አለን፤ እነዚህን እንደያዝን ገንዘቡን በሙሉ ለገመዱ ብናውለው ያስኬዳል?

ረጅሙ ዝግባ (አዲስ አበባ) መለሰ፦

ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡ አመሰግናለሁ። በዚህ ሥራ የምተዳደር ስለሆንሁ የማውቀውን ሳልቆጥብ እጽፋለሁ።

ከመደብር በሜትር የሚሸጠው ገመድ መጋዝ ለመሳብና የተቆረጠ ቅርንጫፍ ለመጎተት ያገልግል እንጂ ሰው አይንጠልጠልበት። ወፍራም መሆኑ አያታልልዎት፤ ከምን እንደተሠራ፣ መቼ እንደተሠራና ምን ያህል ክብደት እንደሚችል የሚናገር ምንም ምልክት የለውም። ናይለን ተብሎ የሚሸጠው ሁሉም ናይለን አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን የሆነው በ165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፣ ፀሐይ ላይ ሲከርምም ክሩ እየደረቀ ይፈረፈራል። ሠራተኛው በመያዣ ቋጠሮ (ገመዱን ተጠምጥሞ ሲገፉት የሚንሸራተት፣ ክብደት ሲያርፍበት ግን የሚጨብጥ ቋጠሮ) ፈጥኖ ሲወርድ በገመዱና በቋጠሮው መካከል የሚፈጠረው ሙቀት ቀላል ስላልሆነ፣ ከ200 ዲግሪ በላይ የሚቋቋመው እውነተኛው ናይለንና ከእርሱም የሚበልጠው ፖሊስተር የሚመረጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለእናንተ የሚሆነው ኢኤን 1891 በተባለው የአውሮፓ ደረጃ «ኤ» ምድብ ውስጥ የሚገባ፣ ሲጫኑት ብዙ የማይለጠጥ ገመድ ነው። ይህ ምድብ ገመዱ ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 2,200 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲችል ያስገድዳል፤ ጫፉ በቋጠሮ ታስሮ ሲፈተንም 15 ኪሎ ኒውተን ለ3 ደቂቃ መሸከም አለበት። ከቋጠሮው ጋር የሚደረገውን ፈተና ልብ ይበሉ፤ እኛ የምንሠራው በቋጠሮ ነውና፤ ገመድ ደግሞ በሚታጠፍበት ቦታ ጥንካሬው ይቀንሳል። ትክክለኛው ገመድ በሁለቱም ጫፉ ላይ ምድቡና ውፍረቱ ተጽፎበታል፤ በውስጡም ደረጃውን፣ የተሠራበትን ዓመትና ዓይነቱን የሚገልጽ ቀጭን ጥብጣብ ያልፋል። ጥብጣቡን ሳታዩ አትግዙ። ዓለት ለሚወጡ ሰዎች የሚሸጠው፣ በኢኤን 892 የሚታወቀው ተለጣጭ ገመድ የሚወድቅን ሰው ለመያዝ የታሰበ ነው፤ በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ቅርንጫፍ መቁረጥ ግን ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ መጋዝ መያዝ ስለሚሆን ለዚህ ሥራ አይመጥንም።

ውፍረቱን በተመለከተ ከ11.5 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ቢገዙ እመክራለሁ። ቀጭኑ ገመድ የመሸከም አቅም አያንሰው ይሆናል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በእጅ ሲጎተት ያደክማል፣ የመያዣ ቋጠሮውም በደንብ አይጨብጠውም። እንደ ፔትዝል ዚግዛግ ያሉት በቋጠሮ ፋንታ የሚገቡ የብረት መያዣዎችም የሚቀበሉት ይህንኑ ውፍረት ነው፤ ስለዚህ አሁን በቋጠሮ ጀምራችሁ ወደፊት መያዣ ብትገዙ ገመዱን መለወጥ አያስፈልጋችሁም። ገመድ፣ የመያዣ ቋጠሮው የሚታሰርበት ክርና የብረት መያዣ አንዱ ከሌላው ጋር ተስማምቶ የሚሠራ ስለሆነ ለየብቻ አይመረጥም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። በተንቀሳቃሽ ገመድ አሠራር ገመዱ በባላ ላይ ያልፍና ሁለቱም ጫፎች ወደ ሠራተኛው ይመለሳሉ፤ አንዱ መታጠቂያው ላይ ይታሰራል፣ በሌላው ላይ የመያዣ ቋጠሮው ወደ ላይ እየተገፋ ይወጣል። ክብደቱ በሁለት ስለሚከፈል መሳቡ ይቀላል፤ በአንጻሩ 1 ሜትር ከፍ ለማለት 2 ሜትር ገመድ መሳብ ያስፈልጋል፣ የ45 ሜትር ገመድም ከ20 ሜትር ብዙም ለማይበልጥ ከፍታ ብቻ ያገለግላል። ገመዱ ያለማቋረጥ ባላው ላይ ስለሚፈገፈግ የዛፉን ቅርፊት ይልጣል፣ ራሱም ይጎዳል፤ ስለዚህ በሁለት ጫፉ ቀለበት ያለው መከላከያ ጥብጣብ ባላው ላይ አድርጎ ገመዱን በቀለበቶቹ ማሳለፍ ግዴታ ነው። የዋርካ ቅርፊት ሲፋቅ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ገመዱን እንደሚያጣብቀው ያየ ሰው ይህን ጥብጣብ አይረሳውም።

በቋሚ ገመድ አሠራር ገመዱ አይንቀሳቀስም፤ ወይ ላይ ባላው ላይ ይታሰራል፣ ወይ በባላው አልፎ ከታች ግንዱ ሥር ይታሰራል። ሠራተኛው በእግርና በደረት መያዣዎች እየተራመደ ስለሚወጣ ለረጅም ባሕር ዛፍ ድካሙ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሁለት ነገሮች ግን መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ለተንቀሳቃሽ ገመድ የሚታሰረው ተራ የመያዣ ቋጠሮ በአንድ ገመድ ላይ ሙሉ ክብደት ሲያርፍበት ይነክሳል፣ ለመውረድም አይለቅም፤ ስለዚህ ከበላዩ ሰበቃ የሚጨምር ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ከዚግዛግ ጋር የሚገባው ቺኬን የተባለው መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ገመዱ ከታች ሲታሰር በባላው ላይ የሚያርፈው ጭነት ከሠራተኛው ክብደት እስከ ሁለት እጥፍ ይደርሳል። 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በባላው ላይ 160 ኪሎ ግራም ገደማ ሊያሳርፍ ይችላል ማለት ነው፤ ከታች ያያችሁት ቅርንጫፍ ይህን መቻሉን ሳታረጋግጡ አትውጡ።

የእኔ ምክር በተንቀሳቃሽ ገመድ እንድትጀምሩ ነው። ሥራችሁ የጥላ ዛፍ መግረዝ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የምታሳልፉት በመውጣት ሳይሆን ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ በመሄድ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ተንቀሳቃሹ ገመድ በጥቂት መሣሪያ ብዙ ያሠራል።

መታጠቂያውንና ቆቡን በተመለከተ ገንዘቡን አትቆጥቡበት። ከጀርባ ባለ ቀለበት የሚንጠለጠለው የሕንፃ መታጠቂያ የሚወድቅን ሰው እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ተቀምጠውበት አይሠሩበትም፣ እጅም ወደ ቅርንጫፉ አያደርስም። ኢኤን 813 እና ኢኤን 358 የሚሉ ሁለት ምልክቶች ያሉት፣ ከፊት ለፊት ቀለበቱ ግራና ቀኝ የሚሄድበት አጭር የገመድ ድልድይ ያለውና ጭንን በሰፊው የሚደግፍ መታጠቂያ ይፈልጉ። ድልድዩ ቶሎ ያልቃል፤ ሊለወጥ የሚችለውን ዓይነት ይምረጡ። የሕንፃ ቆብ ማሰሪያ ደግሞ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ግራም በሚሆን ኃይል ሲሳብ እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ዛፍ ላይ የሚወዛወዝ ሰው የሚያስፈልገው ከራሱ ላይ የማይወልቀው፣ በኢኤን 12492 የሚታወቀው ቆብ ነው።

የጌራ ማር (ጌራ) መለሰ፦

ስለ መሣሪያው ከላይ የጻፉት ወንድማችን የበለጠ ያውቃሉ፤ እኔ ስለ ዛፉ ልጨምር። በእኛ አካባቢ ቀፎ ለመስቀል ረጃጅም ዛፍ የሚወጡ አባቶች ገመዳቸውን ከመወርወራቸው በፊት ዛፉን ዞር ብለው ለረጅም ጊዜ ያዩታል። ይህ ልማድ የትኛውም ውድ መሣሪያ ቢገዛ የሚቀር አይመስለኝም።

የጅማ አካባቢ እርጥብ ስለሆነ ቅርንጫፎች የዛፍ ሽበትና ሌሎች ተጣባቂ ዕፅዋት ይለብሳሉ፤ ከሥሩ የበሰበሰ እንጨት ቢኖር አይታይም። ከታች ሆናችሁ በቅርንጫፉ ላይ እንጉዳይ መብቀሉን፣ ቅጠሉ ከሌላው መሳሳቱን፣ ግንዱ ጋ በተያያዘበት ቦታ መሰንጠቁን ተመልከቱ። የንብ መመላለስ ያለበት ጉድጓድ ካለ ዛፉ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም በላይ መጋዝ ያስቆጣው ንብ ገመድ ላይ የታሰረን ሰው አምልጦ እንዳይሄድ አድርጎ ይይዘዋል። ግራቪሊያ ተሰባሪ ነው፤ ገመዳችሁን በጎን ቅርንጫፉ ላይ ሳይሆን ዋናውን ግንድ አቅፎ በሚያልፍበት ባላ ላይ አድርጉት። ብሳናንም ቢሆን አልተማመንበትም። ዋንዛና ዝግባ ጤነኛ ከሆኑ ጥሩ ናቸው። ገመዱ ካለፈ በኋላ ሁለት ሰው ሆናችሁ ከታች በሙሉ ክብደታችሁ ተንጠልጠሉበት፤ የሚሰበር ከሆነ ያን ጊዜ ይሰበር፤ ስትንጠልጠሉም ከቅርንጫፉ ቀጥታ ሥር አትሁኑ።

ገመዱን ወደ ላይ ለማድረስ ድንጋይ በሲባጎ አስሮ መወርወር ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ድንጋዩም በባላ ይቀረቀራል። ለዚሁ የተሠራ ከ250 እስከ 400 ግራም የሚመዝን የእርሳስ ኮረት የያዘ ለስላሳ ከረጢትና የሚንሸራተት ቀጭን ክር አለ፤ ዋጋው ከሌላው ሁሉ ያነሰ ነውና ከዝርዝራችሁ አይውጣ።

የቡና ጥላ (ጅማ) እንደገና ጻፈ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመልሶቻችሁ ላይ ተመሥርቼ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከቡድናችን እስከ ጫፍ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን ከታች እንረዳለን። ይህ ሰው ላይ ሆኖ ቢጎዳ ወይም ራሱን ቢስት በተንቀሳቃሹ ገመድ ከታች ሆነን ልናወርደው እንችላለን? ሌላው ደግሞ አንድ ሰው ያገለገለ የሙያ ገመድ በግማሽ ዋጋ ሊሸጥልን ጠይቆናል፤ ብንገዛው ገንዘቡ ለሌላ ዕቃ ይተርፍ ነበር።

ከማማ ላይ (ጅማ) መለሰ፦

እኔ የምሠራው በዛፍ ሳይሆን በቴሌኮም ማማና በሕንፃ ላይ በገመድ ነው፤ የመጨረሻው ጥያቄዎ ግን ሁላችንንም ይመለከታል፤ በእኔ እምነት ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበትም ይኸው ነው። የመውጫውን አሠራር የሚወስነው የተጎዳውን ሰው ማን፣ በምን ገመድ ያወርደዋል የሚለው ነው። በተንቀሳቃሽ ገመድ ላይ ሁለቱም ጫፎች ያሉት ሠራተኛው ጋ ስለሆነ ከታች ያለው ሰው ሊያወርደው አይችልም፤ ሌላ ሰው በሌላ ገመድ ወጥቶ መድረስ አለበት። መታጠቂያ ላይ ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ደሙ ወደ እግሩ ስለሚወርድ በደቂቃዎች ውስጥ ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላል፤ ከከተማ ርቆ በሚገኝ የቡና ማሳ ውስጥ ደግሞ ረዳት እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም።

ከረጅሙ ዝግባ ጋር የምለየው እዚህ ላይ ነው። ወደ ላይ የሚወጣ አንድ ሰው ብቻ ላለው ቡድን ከታች የሚታሰር ቋሚ ገመድ ይሻላል እላለሁ፤ ይኸውም ግንዱ ሥር በቋጠሮ ሳይሆን በመውረጃ መሣሪያ የታሰረና ከታች ያለው ሰው ቀስ እያደረገ ሊለቀው የሚችል ሲሆን ነው። ለዚህም ገመዱ ሠራተኛውን እስከ መሬት የሚያደርስ ትርፍ ርዝመት ሊኖረው፣ ባላው ላይም ሳይያዝ ሊሮጥ ይገባል። ሠራተኛው ሲቆርጥ ወገቡን በሚያስርበት አጭር ገመድ ከግንዱ ጋር ታስሮ እያለ ከተጎዳ ግን ይህም አይሠራም፤ አሁንም አንድ ሰው ወጥቶ ሊፈታው ያስፈልጋል። ደግሞም ግንዱ ሥር የታሰረው ገመድ የሠራተኛው ሕይወት ስለሆነ ቅርንጫፍ በገጀራ የሚመትሩት ረዳቶች ወደዚያ እንዳይጠጉ ይከልከሉ፤ ከሚወድቀው እንጨት ተቃራኒ በሆነው በኩልም ይታሰር።

ያገለገለውን ገመድ አይግዙት። የገመድን ያለፈ ታሪክ ዓይን አያየውም። የባትሪ አሲድ የነካው ናይለን ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አገር ደግሞ ገመድ ከባትሪና ከቤንዚን ጀሪካን ጋር በአንድ መኪና ኋላ ሲጫን ማየት የተለመደ ነው። አዲሱንም ቢሆን በከረጢት ለብቻው ያኑሩት። በየዕለቱ ከሥራ በፊት ሙሉውን ርዝመት በእጅ እየዳሰሱ ያሳልፉት፤ ሲታጠፍ ለስለስ ብሎ የሚሰበር ወይም የሚሳሳ ቦታ ካገኙ ያ ገመድ ከሰው ሥራ ይወጣል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ደንብ መሠረት ሰው የሚያነሣ መሣሪያ በየ6 ወሩ በሚያውቅ ሰው ይመረመራል፤ እናንተም የተገዛበትንና የተመረመረበትን ቀን የሚመዘግብ ደብተር ይኑራችሁ። ሠራተኞች ቀጥራችሁ የምታሠሩ ከሆነ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማሠልጠን የአሠሪው ግዴታ መሆኑንም ከግምት አስገቡ።

ረጅሙ ዝግባ (አዲስ አበባ) መለሰ፦

«ከማማ ላይ» ያሉት ትክክል ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ከዚያ እጀምር ነበር። ሆኖም ሰፊ ዘውድ ባለው ሰሳ ላይ በቋሚ ገመድ ብቻ እየሠራ ጀማሪ ቅርንጫፍ ጫፍ ድረስ እንዲሄድ አልፈልግም። ስለዚህ ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ ላቅርብ፦ ሁለት ገመድ ይግዙ። አንዱ 45 ሜትር ሆኖ ለተንቀሳቃሽ አሠራር ይዋል፤ ሌላው ቢያንስ 60 ሜትር ሆኖ ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት በሌላ ጠንካራ ባላ ላይ ይለፍና ከታች በመውረጃ መሣሪያ ይታሰር። በሁለተኛው ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ በመጀመሪያው ይሠራል፤ ሁለተኛው ግን ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ይቆያል፣ ለአዳኙም መንገድ ይሆናል። ይህም ማለት ሁለተኛ መታጠቂያና እርሱን ለብሶ እስከ ጫፍ መውጣት የሚችል ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። ገንዘቡ ለዚህ ካልበቃ የብረት መያዣውን ተዉትና በቋጠሮ ሥሩ፤ ብሌክ የሚባለው ቋጠሮ በገመዱ በራሱ ጫፍ ስለሚታሰር ምንም ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቅም፤ በእርሱ ላይ ፈጥኖ መውረድ ግን ገመዱን ስለሚያቃጥለው በዝግታ ይውረዱ።

ካራቢነሮች (ገመዱንና መታጠቂያውን የሚያያይዙት የብረት ማያያዣዎች) በሦስት እንቅስቃሴ የሚከፈቱና ሲለቀቁ በራሳቸው የሚቆለፉ ይሁኑ፤ በሽክርክሪት ብቻ የሚቆለፈው ከቅርንጫፍ ጋር ሲታከክ ሊፈታ ይችላል። ርዝመቱ የሚስተካከል የወገብ ገመድም ያስፈልጋል፤ በሞተር መጋዝ ሲቆረጥ ሠራተኛው ዘወትር በሁለት ቦታ መታሰር አለበት፤ ይህን የአሜሪካው ዜድ133 የተባለው የዛፍ ሥራ ደህንነት ደረጃም ያዝዛል። የወገቡ ገመድ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው ቢሆን መጋዝ ሲነካው ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ አይቆረጥም ማለት ግን አይደለም፤ ኤሌክትሪክ መስመር አጠገብም ጭራሽ አይያዝ። መስመር የሚነካ ዛፍ ሲያጋጥም ኃይሉ በሚመለከተው አካል ተቋርጦ ካልተረጋገጠ በቀር ሥራውን አትቀበሉ። ለጥላ ዛፍ መግረዝ አብዛኛው ሥራ በጥሩ የእጅ መጋዝ ስለሚያልቅ ሞተሩን ከላይ ባትጠቀሙበት እመርጣለሁ።

እግር ላይ የሚታሰረውን ሹል ብረት ተቆርጦ የሚወገድ ዛፍ ካልሆነ በቀር አትጠቀሙበት፤ በሕይወት የሚቆይን ዛፍ በየእርምጃው ያቆስለዋል፣ በቁስሉም መበስበስ ይገባል። በክረምት ደግሞ ናይለን ሲርስ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ይለጠጣል፣ ቋጠሮውም አያያዙ ይለወጣል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲከብድ ከዛፍ ውረዱ።

ዕቃው እንደደረሰ ትልቅ ሥራ አትቀበሉ። በግቢያችሁ ካለ ዝቅተኛ ዛፍ ላይ፣ እግር ከመሬት ከ2 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ቋጠሮውን ማሰርና መፍታት፣ መውጣትና መውረድ፣ በተለይም አንዱ ራሱን እንደሳተ ሆኖ ሌላው ሲያወርደው ደጋግማችሁ ተለማመዱ። ማዳኑን ከታች ያሉት ረዳቶች ያለ እናንተ ትእዛዝ መሥራት እስኪችሉ ድረስ ወደ ዋርካው አትሂዱ። የምታዟቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ከመግዛታችሁ በፊት እዚህ ብታሰፍሩት የገመዱንና የመያዣውን መስማማት አብረን እናያለን።